«ተዋሐደ» በሁለት መዝገብ፤ የአንድ ግሥ የትርጉም ታሪክ

በአማርኛ ነገርን ከነገር ጋር አንድ ላይ ማድረግን የሚገልጹ ግሦች ብዙ ናቸው። ቀላቀለ፣ ደባለቀ፣ ቀየጠ፣ ለወሰ፣ በጠበጠ፣ በረዘ፣ ከለሰ፣ ደመረ፣ አጣመረ፣ አዋሐደ እያልን ብንቈጥር ዝርዝሩ በዚህ አያበቃም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የመጨረሻውን፣ «አዋሐደ»ንና ከእርሱ ጋር የሚሄደውን «ተዋሐደ»ን ነው። ግሡ በሁለት የዕውቀት ዘርፎች፣ ይኸውም በነገረ መለኮትና በኬሚስትሪ፣ ዋና ሙያዊ ቃል ሆኖ ይሠራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዘርፎች ስለ ተዋሐዱት ነገሮች ዕጣ የሚናገሩት እርስ በርሱ ተቃራኒ ነው። በቤተ ክርስቲያን መምህራን አነጋገር ሁለት ነገሮች ተዋሐዱ ሲባል ጠባያቸውን ሳይለቁ፣ ሳይለወጡና ሳይቀላቀሉ አንድ ሆኑ ማለት ነው። በኬሚስትሪ መምህራን አነጋገር ግን ሁለት ንጥረ ነገሮች ተዋሐዱ ሲባል የየራሳቸውን ጠባይ አጥተው ሌላ፣ ሦስተኛ ነገር ሆኑ ማለት ነው። ጠባያቸውን እንደያዙ አብረው የሚገኙትማ ድብልቅ እንጂ ውሕድ አይባሉም።

ይህ ልዩነት በዕለት ንግግር ማንንም ላያስቸግር ይችላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅንና ተርጓሚን ግን በእጅጉ ያስቸግራል። አንድ አዘጋጅ «ተዋሐደ»ን «ተቀላቀለ» ብሎ ፈትቶ ቢያልፍ በአንድ ቃል ሁለቱንም ዘርፎች ይስታል፤ የነገረ መለኮቱ ሰው «እኛ ‹ያለ መቀላቀል› ነው የምንለው» ይለዋል፤ የኬሚስትሪው ሰውም «የተቀላቀለውንማ ድብልቅ እንለዋለን» ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እንግዲህ ግሡ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወደዚህ መንታ መንገድ እንደ ደረሰ መከታተሉ ተገቢ ይሆናል።

የግሡ ሥር ከሴም ቋንቋዎች የቁጥር ስሞች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የግእዙ አሐዱ፣ የዐረብኛው ዋሒድ፣ የዕብራይስጡ ኤሓድ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ዕብራይስጥ «አብሮ፣ በአንድነት» ለማለት ያሐድ ይላል። ግእዝ ደግሞ «አንድያ» ለማለት ዋሕድ ይላል። የኛው «አንድ» ራሱ የአሐዱ ልጅ ነው፤ በመንገድ ላይ ሐ ወድቃ ነ ገብታበታለች። ይህ የሐ መውደቅ ለምርመራችን ትልቅ ማስረጃ ነው። አማርኛ ከጥንት የወረሳቸው ቃላት የጕሮሮ ድምፆችን ጥለዋል፦ ሐረሰ አረሰ፣ ኀደረ አደረ፣ ሐመድ አመድ፣ በልዐ በላ ሆኗል። «ተዋሐደ» ግን ሐን እንደያዘ ነው፤ ተናጋሪው ሀ ብሎ ቢያነበውም አልጣለውም። ስለዚህ ቃሉ በአፍ የተወረሰ ሳይሆን ከመጽሐፍ የተወሰደ፣ በሊቃውንት በኩል ወደ አማርኛ የገባ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።

ተመሳሳይ ዕድል የገጠመው ጎረቤቱ ኀበረ ነው። ከአንዱ የግእዝ ቃል ሁለት የአማርኛ ቃላት ወጥተዋል። በአፍ የተወረሰው «አበረ» ሲሆን ዛሬ ይልቁንም ለክፉ ሥራ ተባባሪ መሆንን ያመለክታል፤ «ከሌባ ጋር አበረ» እንላለን። ከመጽሐፍ የመጣው «ኅብረት» ግን ክብሩን እንደ ጠበቀ ነው። የገበያው ቃል ሲጎሳቈል የመጽሐፉ ቃል ንጹሕ ሆኖ የቀረበት ምሳሌ በቋንቋችን ይህ ብቻ አይደለም።

ስለ ቅርጹም ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ወሐደ» ተብሎ ያለ ባዕድ መነሻ የሚነገር ግሥ የለም። ያለው ተዋሐደ ነው፤ ቅርጹም የተካፈለ፣ የተፋቀረ፣ የተዋጋ ቅርጽ፣ ማለት ሁለቱም ወገኖች አድራጊም ተደራጊም የሚሆኑበት ቅርጽ ነው። አዋሐደም እንደ አካፈለና እንደ አፋቀረ ሦስተኛ ወገን ገብቶ ሁለቱን ያገናኘ መሆኑን ይገልጻል። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ጌታና ሎሌ የለም። ማር በውኃ ይበረዛል፤ ወይን በውኃ ይከለሳል፤ ሁለት ነገሮች ግን እርስ በርስ ይዋሐዳሉ።

ነገሩን በደንብ ለማየት ወደ ቤት ውስጥ ግሦች መለስ ማለት ይጠቅማል። ቀላቀለ የሁለት ፊደላት ድግግሞሽ ነው፤ ቀ–ለ–ቀ–ለ። እንደ ነቀነቀ፣ እንደ በጠበጠ፣ እንደ ቆረቆረ የእጅን ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ በድምፁ ያሰማል። ትርጉሙም ከዚሁ አይርቅም፤ አንዱን በአንዱ መካከል ማስገባት እንጂ አንድ ማድረግ አይደለም። ከሠርግ በኋላ የሙሽራውና የሙሽሪት ቤተ ዘመድ የሚገናኙበት ግብዣ «ቅልቅል» መባሉ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ ዕለት ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጨፍራሉ፤ ሲመሽ ግን የእነ እገሌ ዘመድ የእነ እገሌ ዘመድ እንደሆነ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደባለቀም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ብቻ ሥርዐት ማጣትን ይጨምርበታል፤ «ድብልቅልቁ ወጣ» ሲባል የሚታየን ይኸው ነው።

በረዘ፣ ከለሰና ቀየጠ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ አንዱ ባለቤት ሲሆን ሌላው ገቢ ነው። ማሩ ይበረዛል፣ ወይኑ ይከለሳል፣ ጤፉ ይቀየጣል፤ የገባበት ውኃ ወይም ሌላ እህል ግን ተበረዘ ወይም ተቀየጠ አይባልም። ከዚህ አለመመጣጠን የተነሣ ሦስቱም ወደ ነቀፋ ያዘነብላሉ። ሃይማኖት ተበረዘ፣ ባህል ተበረዘ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጡ ማርክሳዊ ጽሑፎች የሐሳብ ተቀናቃኛቸውን «ከላሽ» ይሉት ነበር። ከሁለት ዘር የተወለደ ሰው «ክልስ» መባሉም ከዚሁ ግሥ ነው። ይህን ስም የሚሸከም ሰው በቃሉ ውስጥ ውኃው ማን፣ ወይኑ ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጅም የቃሉን ፍቺ ሲያስቀምጥ የመነሻ ግሡን ሸክም ዐብሮ ማመልከት አለበት ብለን እናምናለን። ቀየጠ ግን ከነቀፋው የሚያወጣው ዕድል አጋጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1990 መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ»ን ሲያውጅ ቃሉ ከእህል ማበላሸት ወጥቶ የምጣኔ ሀብት ስም ሆነ፤ እንዲያውም ዛሬ ቃሉን የሚሰማ ሰው ስለ ጤፍ ነጋዴ አያስብም።

እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ መካከል «ተዋሐደ» ብቻውን የሚቆምበት ነጥብ አለ። ሌሎቹ ስለ ሂደቱ ይናገራሉ፤ እጅ ስለ ማንቀሳቀስ፣ ስለ መጨመር፣ ስለ ማቅጠን። እርሱ ግን ስለ ፍጻሜው ይናገራል፤ «አንድ ሆኑ» ይላል፤ በቃ። አንድ ሲሆኑ ክፍሎቹ ምን እንደ ደረሰባቸው ግሡ በራሱ አይነግረንም። ይህ ባዶ ቦታ ነው ሁለቱ ዘርፎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ትምህርት የሞሉት።

በመጀመሪያ የሞላችው ቤተ ክርስቲያን ናት። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስለ መለኮትና ትስብእት አንድነት ሲያስተምሩ ተዋሕዶ የሚለውን ቃል ብቻውን አልተዉትም፤ እርሱ ያልሆነውን ሁሉ በስም ለይተው ከጎኑ አቆሙለት። ውላጤ የአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ነው፤ የሎጥ ሚስት የጨው ዐምድ እንደ ሆነች። ሚጠት ተለውጦ ወደ ነበረበት መመለስ ነው፤ የሙሴ በትር እባብ ሆና ተመልሳ በትር እንደ ሆነች። ኅድረት ማደር ነው፤ ሰይፍ በሰገባ፣ ዳዊት በማኅደር እንደሚያድር። ትድምርት መደመር፣ ቡዐዴ መለየት ነው። ቱሳሔ ደግሞ መቀላቀል ነው፤ ምሳሌውም ማርና ውኃ ነው። ማርና ውኃ ቢቀላቀሉ ማሩም ማር መባሉ፣ ውኃውም ውኃ መባሉ ይቀርና ብርዝ የሚባል ሦስተኛ ነገር ይወጣል። ተዋሕዶ ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። ለእርሱ የሚሰጠው ምሳሌ የነፍስና የሥጋ፣ እንዲሁም የብረትና የእሳት ነው፤ በእሳት የጋለ ብረት ብረትነቱን ሳይተው ያቃጥላል፣ እሳቱም እሳትነቱን ሳይተው በብረቱ ቅርጽ ይታያል።

የቋንቋ ሰው ይህን ሲመለከት ሃይማኖቱን ቢቀበልም ባይቀበልም ሊያደንቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ በሚገባ የተደራጀ የሙያ ቃላት ሥርዐት ነው። እያንዳንዱ ቃል ወሰን አለው፤ ወሰኑ በምሳሌ ተለይቷል፤ የአንዱ ፍቺ በሌላው ላይ አይወድቅም። በዘመናችን አዳዲስ ሙያዊ ቃላት ስናወጣ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አናሳይም። ደግሞም ሥርዐቱ ለጨዋታ የተሠራ አልነበረም። የተዋሕዶ፣ የቅብዓትና የጸጋ ወገኖች ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ብይን የተሰጠበት ጉዳይ ነው። በአንድ ቃል ፍቺ ሰዎች የተሰደዱበት ዘመን ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ አማርኛው «መቀላቀል» የገባው እንደ ፈቺ ነው። ቶስሐ የሚለው የግእዝ ግሥ በአማርኛ ንግግር ስላልቀጠለ፣ መምህራኑ ቱሳሔን ለተማሪ ሲያስረዱ በእጃቸው ያገኙት «ቅልቅል»ን ነበር። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የአማርኛው ቀላቀለ ስም ስለ ማጣትና ሦስተኛ ነገር ስለ መውጣት ምንም አይልም። የሠርጉ ቅልቅል ቱሳሔ አይደለም። ይህ ትንሽ ስንጥቅ በኋላ ዘመን ሰፍቶ እናገኘዋለን።

የብረትና የእሳቱ ምሳሌ ከየት መጣ? መንገዱ ረጅም ነው፤ መነሻውም የሃይማኖት ክርክር ሳይሆን የተፈጥሮ ትምህርት ነው። አርስቶትል ስለ መገኘትና ስለ መጥፋት በጻፈው መጽሐፉ እውነተኛ ቅልቅል (ሚክሲስ) የትኛው እንደሆነ ሲመረምር ገብስና ስንዴን በምሳሌነት አንሥቷል፤ የገብሱ ፍሬ ከስንዴው ፍሬ አጠገብ ቢቀመጥ ይህ አቀማመጥ እንጂ ቅልቅል አይደለም ብሎ ይለየዋል። (በትግራይና በኤርትራ ገብስንና ስንዴን አብሮ የሚዘራ፣ ዐብሮ የሚያጭድ ገበሬ ለዚህ «ሓንፈጽ» የሚል ስም አለው፤ አርስቶትል ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።) ከእርሱ በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኢስጦኢኩ ፈላስፋ ክሪሲጶስ ጉዳዩን ወደ ፊት ወሰደው። ትምህርቱን በዋናነት የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የጻፈው የአፍሮዲስያሱ እስክንድር እየተቃወመ ስለ ዘገበልን ነው። በዚህ ዘገባ መሠረት ሦስት ደረጃዎች አሉ። አንደኛው ፓራቴሲስ፣ ጎን ለጎን መቀመጥ ነው፤ እንደ እህል ፍሬዎች። ሁለተኛው ሲንኺሲስ፣ ክፍሎቹ ጠፍተው ሌላ ነገር የሚወጣበት ነው፤ እንደ መድኃኒትና እንደ ሽቱ ቅመማ። ሦስተኛው ክራሲስ ነው፤ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ሙሉ በሙሉ ዘልቀው ሳለ ጠባያቸውን ይጠብቃሉ። ለዚህ ለሦስተኛው የተሰጡት ምሳሌዎች ነፍስና ሥጋ፣ እሳትና ብረት፣ ወይንና ውኃ ነበሩ።

አንባቢ እንደሚያስተውለው ከሦስቱ ምሳሌዎች ሁለቱ በኢትዮጵያ መምህራን አፍ ሳይለወጡ ደርሰዋል። ሦስተኛው፣ የፈሳሹ ምሳሌ፣ ግን ከረድፍ ወደ ረድፍ ተሻግሯል። ክሪሲጶስ ወይንና ውኃን ጠባያቸውን ጠብቀው ከሚዋሐዱት ሲመድባቸው፣ የኛ መምህራን ማርና ውኃን ጠባያቸውን ከሚያጡት መድበዋቸዋል። ኢስጦኢኮቹ ለሐሳባቸው ማስረጃ የሚሆን ፈተና ነበራቸው፤ በዘይት የተነከረ ሰፍነግ ወይንና ውኃ ባለበት ዕቃ ቢገባ ውኃውን ከወይኑ ይለየዋል ይሉ ነበር። መለየት ከተቻለ ጠባዩ አልጠፋም ማለት ነው። የኛ መምህራን መለኪያ ሌላ ነው፤ ስሙ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም? ብርዝ ማርም ውኃም አይባልምና በስም መለኪያ ቱሳሔ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች፣ ማለት የመለየት ችሎታና የስም መለወጥ፣ ወደ ኬሚስትሪ ስንደርስ እንደገና ይገናኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ያጸደቀው ቃል «ያለ ሲንኺሲስ»፣ ያለ ቱሳሔ፣ የሚል ሐረግ አለው። ጉባኤውን ያልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናትም፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጭምር፣ ያንኑ መቀላቀል አይቀበሉም፤ ሁለቱ ተዋሕደው ተቀላቀሉ ያለውን አውጣኪን ሁለቱም ወገን አውግዘዋል። እንግዲህ «ተዋሕዶ»ን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልስ «ቅልቅል» የሚል ትርጉም ያለው ቃል የሚያስገባ ተርጓሚ ቤተ ክርስቲያኒቱን ባወገዘችው ትምህርት ይከስሳታል። ይህ በውጭ ቋንቋ በተጻፉ አሮጌ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የታየ ስሕተት ነው፤ የተርጓሚ ስንፍና አንዳንድ ጊዜ የክስ ወረቀት ይሆናል።

በግእዝ ተርጓሚዎች በኩል ግን ቃሉን ማግኘት ቀላል ነበር። በአክሱም ዘመን የቅዱስ ቄርሎስ ድርሳናት ከጽርእ ተተርጕመዋል፤ ቄርሎስ የሚወድደው ቃል ሄኖሲስ፣ «አንድ መሆን»፣ ነበር። በኋላም ዐረብኛ የትርጕም ምንጭ ሲሆን፣ ለምሳሌ ሃይማኖተ አበው በ16ኛው መቶ ዓመት ሲተረጐም፣ የዐረብኛው ቃል ኢቲሓድ የተዋሕዶ የሥር ወንድም ሆኖ ተገኘ። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰውም ከመቍረብ በፊት በሚነበበው ኑዛዜ ሃይማኖት ውስጥ ቱስሕት፣ ትድምርት፣ ፍልጠትና ውላጤ ተከታትለው ሲወገዱ ይሰማል።

ከእነዚህ ከተወገዱት አንዱ ትድምርት ኋላ ያጋጠመውን ዕድል ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ደመረ በግእዝ መጨመርንም መቀላቀልንም ያመለክታል፤ የመስቀል ደመራም ከዚሁ ነው። በአማርኛ ትምህርት ቤት ገብቶ የሒሳብ ቃል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ «መደመር» የፖለቲካ ሐሳብ ስም ሆኖ በውጭ ቋንቋ ጽሑፎች ሳይቀር ሳይተረጐም እንደ ስም ይጻፋል። ተርጓሚ ሲቸግረው ቃሉን እንዳለ መተዉ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የታመነው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መዝገብ እንሻገር። ኬሚስትሪ ራሱ ውሕድንና ድብልቅን በጥብቅ የለየው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1799 ፈረንሳዊው ፕሩስት የመዳብ ካርቦኔትን መርምሮ ክፍሎቹ ሁልጊዜ በአንድ ልክ እንደሚገኙ አሳየ፤ የአገሩ ሰው ቤርቶሌ ግን ልኩ ሊለዋወጥ ይችላል ብሎ ለዓመታት ተከራከረው። በመጨረሻ የጸናው የፕሩስት ነው። ውኃ የትም ቢገኝ በክብደት ለ1 እጅ ሃይድሮጅን 8 እጅ ኦክስጅን አለው፤ ብርዝ ግን እንደ ጣይዋ እጅ ይቀጥናል ይወፍራል። ልኩ የተወሰነውና በቀላሉ የማይለየው ውሕድ፣ ልኩ ያልተወሰነውና በማጥለል፣ በማትነን ወይም በማግኔት የሚለየው ድብልቅ ተባለ። በትምህርት ቤት የሚሠራው የታወቀ ሙከራ ይህን በአንድ ገበታ ያሳያል። 7 እጅ የብረት ብናኝና 4 እጅ ድኝ ቢደባለቁ ማግኔት ብረቱን መርጦ ያነሣዋል፤ ድብልቅ ነው። በእሳት ቢያግሏቸው ግን ጥቁር ነገር ይሆናሉ፤ ማግኔቱም ብረቱን ከድኙ ለይቶ ማውጣት ይሳነዋል፤ ውሕድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው አካዳሚና ከእርሱ ጋር የሠሩ የትምህርት ባለሙያዎች ለሳይንስ ቃላት የአማርኛ አቻ ሲፈልጉ ይህን ልዩነት የሚሸከሙ ሁለት ቃላት ያስፈልጓቸው ነበር። ለቀላሉ ነገር ከቤት ግሦች ደባለቀን ወስደው «ድብልቅ» አሉ። ለጥብቁ ነገር ግን የመጽሐፉን ቃል ወስደው «ውሕድ» አሉ። ምርጫቸው ብዙዎቹ ቋንቋዎች ከሄዱበት መንገድ ይለያል። ዐረብኛ ሙረከብ፣ ዕብራይስጥ ቲርኮቬት የሚሉት አንዱን በአንዱ ላይ ከማስቀመጥ ነው፤ የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው ቃልም በላቲን «አብሮ ማስቀመጥ» ማለት ነው፤ ጀርመንኛ «ማሰር» ከሚለው ያወጣዋል። አማርኛ ግን «አንድ መሆን»ን መረጠ። በዚህም ብቻውን አይደለም። የዛሬው ጽርእ የኬሚስትሪን ውሕድ ኤኖሲ ይለዋል፤ ይህም ያው የቄርሎስ ሄኖሲስ ነው። ሩስኛም ሶዬዲኔኒዬ ይላል፤ በመካከሉ «አንድ» የሚለው ቃል አለ፤ ያንኑ ቃል የሩስያ ነገረ መለኮት ስለ ሁለቱ ባሕርያት አንድነት ይጠቀምበታል። አንዱ ከሌላው ወሰደ አንልም። ሆኖም ስለ አንድነት በብርቱ የተከራከረ ሥነ ጽሑፍ ያላቸው ሦስት ቋንቋዎች ለኬሚስትሪም ከዚያው ጎተራ መውሰዳቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዝግጁ የነበረው፣ ክብደት የነበረው ቃል እርሱ ነበር።

ውጤቱ ግን ምሳሌዎቹ እንዲተላለፉ አደረገ። ለነገረ መለኮቱ ሰው ብርዝ ጠባይ የጠፋበት ቱሳሔ ነው፤ ለኬሚስትሪው ሰው ብርዝ ጠባይ ያልጠፋበት ድብልቅ ነው፤ ውኃው ቢተን ጣፋጩ ይቀራልና። ለመጀመሪያው የጋለ ብረት የተዋሕዶ ምሳሌ ነው፤ ለሁለተኛው ግን እሳት ቁስ ስላልሆነ የጋለ ብረት ውሕድም ድብልቅም ሳይሆን የሞቀ ብረት ብቻ ነው። ከብረት ውሕድ ቢያሳዩን ዝገትን ያሳዩናል፤ ብረትና ኦክስጅን ተዋሕደው ብረቱ ብረትነቱን ያጣበትን። ዝገትን ደግሞ የነገረ መለኮቱ ሰው ቢጠየቅ «ይህማ ውላጤ ነው» ይል ነበር። የሰፍነጉ መለኪያ በኬሚስትሪ በኩል፣ የስሙ መለኪያ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሆነው አንዱን ግሥ ከሁለት ወገን ይጎትቱታል።

እንግዲህ ውሕድ የተሳሳተ ቃል ነውን? አይደለም ብለን እንመልሳለን። ቃሉ በግሥነቱ የሚለው «አንድ ሆኑ» ብቻ ስለሆነ፣ ከኬሚስትሪው እውነት ጋር አይጋጭም፤ ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን አንድ የሆነ ነው። ከትውልድ ትውልድ በመማሪያ መጻሕፍት የጸና ቃልን ማንሣትም ጉዳቱ ይበልጣል። የምንቃወመው የአንዱን ዘርፍ ፍቺ በሌላው ላይ መጫንን ነው። «መለኮትና ትስብእት እንደ ሃይድሮጅንና እንደ ኦክስጅን ተዋሐዱ» የሚል የስብከት ምሳሌ ቃሉ ስለ ገጠመለት ብቻ ያማረ ይመስላል፤ በራሱ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሚዛን ግን ከብርዝ ምሳሌ የባሰ ነው። በአንጻሩም በተማሪ አእምሮ ውስጥ «ውሕድ ማለት ክፍሎቹ ያልተለወጡበት አንድነት» የሚል ሐሳብ ከቤተ ክርስቲያን ይዞ ቢገባ፣ የድብልቅና የውሕድ ትምህርት ተገላብጦ ይገባዋል። የኬሚስትሪ መምህር ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ሦስተኛ ዘርፍም ተጨምሯል። በፖለቲካ ድርጅቶች አነጋገር ውሕደት ከግንባርና ከቅንጅት ይለያል፤ በግንባርና በቅንጅት አባል ድርጅቶች ስማቸውን ይዘው ይቀጥላሉ፣ በውሕደት ግን ይከስማሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከኢሕአዴግ አባልና አጋር ድርጅቶች ብዙዎቹ ብልጽግና ፓርቲን ሲመሠርቱ የተነገረው ቃል «ውሕደት» ነበር፤ የቀድሞ ስሞቻቸውም በዚያው ቀሩ። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ቃሉ የኬሚስትሪውን ፈለግ ተከትሏል። ስብሰባ ላይ «እንዋሐድ» ሲባል አንዱ ወገን «ጠባያችንን ጠብቀን» የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ትርጉም፣ ሌላው «ስማችንን ትተን» የሚለውን ይዞ ሊስማማ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ስምምነት ደግሞ ዕድሜ የለውም። የውል ተርጓሚ «ውሕደት» የሚል ቃል ሲያጋጥመው ክፍሎቹ ይቀጥላሉ ወይስ ይከስማሉ ብሎ ከሰነዱ ሌላ አንቀጽ መፈለግ ይገባዋል እንጂ በቃሉ ብቻ መተማመን አይገባውም።

በመዝገበ ቃላት ሥራ ረገድ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለ«ተዋሐደ» መነሻ ፍቺው «አንድ ሆነ» ይባል፤ «ተቀላቀለ» የሚለው በፍቺነት አይግባ። ከዚያ በየዘርፉ ምልክት ተለይቶ የነገረ መለኮቱ፣ የኬሚስትሪውና የድርጅቱ ፍቺ ለየብቻ ይቀመጥ፤ በእያንዳንዱም ክፍሎቹ ጠባያቸውንና ስማቸውን ይጠብቁ እንደሆነ በግልጽ ይነገር። የሊቁ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. የታተሙ ናቸው፤ ሁለቱም ሊቃውንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰሉ ስለሆኑ ለመጀመሪያው ፍቺ አስተማማኝ መሠረት ይሆናሉ። የቀሩትን ፍቺዎች ግን ከመማሪያ መጻሕፍትና ከሕግ ሰነዶች እኛው መልቀም ይኖርብናል።

አንድ የአጻጻፍ ጉዳይ ቀርቶናል። በግእዝ «ጥቂት» ማለት የሆነ ውሑድ የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ በቍጥር አነስተኛ የሆኑ ሕዝቦችን «ውሑዳን» የምንለው ከእርሱ ነው። የተዋሐደውን ነገር ደግሞ ብዙዎች «ውሁድ» ብለው ይጽፉታል። እንዲህ ሲሆን «ውሁድ ማኅበረሰብ» የሚል ሐረግ ያጋጠመው ተርጓሚ «አነስተኛ» ይበል ወይስ «የተዋሐደ» ከቃሉ መለየት አይችልም፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሰነድ ውስጥ እጅግ የተለያየ መብት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለተዋሐደው ነገር ሳድሱን ይዘን «ውሕድ»፣ ለጥቂቱ ካዕቡን ይዘን «ውሑድ» ብንል ሁለቱን በአንድ ፊደል እንለያቸዋለን።